መጥፎ የሆነ አስፈሪ ፊልም ለምን ይይዘናል?

የጉለሌ ልጅ

«ማኖስ፦ የዕጣ ፈንታ እጆች» የተባለውን ፊልም ትናንት ሌሊት ለአራተኛ ጊዜ አየሁት። ከዓለም መጥፎ ፊልሞች ተርታ የሚጠራ ሥራ ነው፤ እኔም ጥሩ ነው ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። ነገር ግን ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፈሶባቸው፣ በጥንቃቄ ተሠርተው፣ ካየኋቸው በሦስተኛው ቀን አንድም ትዕይንት ያላስታወስኳቸው አስፈሪ ፊልሞች ስንት ናቸው! ይህኛው ግን እንደ ያዘኝ ነው። ምክንያቱን ለራሴ ለማስረዳት ስታገል ሰንብቻለሁና የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፣ የእናንተንም ልስማ።

ላላያችሁት ታሪኩን ልንገራችሁ። ፊልሙ፣ መንገድ የጠፋባቸው ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር «ጌታው» የሚባል ክፉ ሰው ቤት ሲያድሩ የሚገጥማቸውን ያሳያል። የተሠራውም እንዲህ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሃሮልድ ዋረን በቴክሳስ፣ በኤል ፓሶ ከተማ ኢንሹራንስና ማዳበሪያ እየሸጠ የሚተዳደር ሰው ነበር። ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ስተርሊንግ ሲሊፋንት ከተባለ፣ በኋላ ኦስካር ከተሸለመ የፊልም ጸሐፊ ጋር ቡና ቤት ተቀምጠው ሲጫወቱ «አስፈሪ ፊልም እኔም መሥራት እችላለሁ» ብሎ ተወራረደ። የመጀመሪያውን ሐሳብ እዚያው በአፍ መጥረጊያ ወረቀት ላይ ጫረው። 19,000 ዶላር ያህል አሰባሰበ፤ ከከተማው የቴአትር ሰዎች ተዋንያን መለመለ፤ ደመወዝ መክፈል ስለማይችል ከትርፉ ድርሻ ቃል ገባላቸው፤ በ1966 ቀረጻ ጀመረ።

የተከራየው ካሜራ በእጅ የሚሞላ 16 ሚሊሜትር ነበር። እንደ ድሮ የግድግዳ ሰዓት ሞላውን በእጅ ያጠብቁታል፤ አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚሠራው ቢበዛ 32 ሰከንድ ነው። ከዚያ ቀጥ ይላል። ድምፅ ደግሞ ጨርሶ አይቀዳም። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት ሴት በፍርሃት ልትጮህ አፏን እንደከፈተች ካሜራው ይቆማል። ሞላው እንደገና ይጠብቃል። ሴትዮዋ ፍርሃቷን ካቆመችበት ትቀጥላለች። ፊልሙን ስታዩ ይህ መቆራረጥ በየትዕይንቱ ይሰማችኋል፤ ሰዎቹ ከንግግር በፊት ዝም ብለው ይተያያሉ፣ ከንግግር በኋላም ዝም ብለው ይተያያሉ። ቀረጻ ሲጀመር የሚመታው ሰሌዳ እንኳን በአንድ ቦታ ለቅጽበት ብልጭ ይላል።

አሁን ወደምወደው ትዕይንት ልምጣ። ሌሊት ነው። ሁለት ፖሊሶች የተኩስ ድምፅ ሰምተው ከመኪናቸው ይወርዳሉ። የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ጥቂት እርምጃ ይራመዳሉ፤ ግራ ቀኝ ያያሉ፤ ተመልሰው ይሄዳሉ። በቃ። ከዚያ በላይ ያልሄዱት የቀረጻው መብራት ከዚያ በላይ ስለማይደርስ ነው። ሰዎች እዚህ ጋ ይስቃሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ትልቅ ገንዘብ ያለው ፊልም የሚያሳየን ጨለማ በሰማያዊ መብራት የተቀባ፣ ሁሉ ነገር በልኩ የሚታይበት ጨለማ ነው። ይህኛው የምር ጨለማ ነው። ከሁለቱ ሰዎች ጀርባ ምንም የለም። ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ የማየው ተዋንያን ሲሳሳቱ ሳይሆን ሰው ጨለማን ሲፈራ ነው።

የእሳት እራቶቹም አሉ። በሌሊት ለቀረጻ በበራው አምፖል ዙሪያ ከበረሃው የመጡ የእሳት እራቶች ይርመሰመሳሉ፤ በተዋንያኑ ፊት ላይ ያልፋሉ፤ ማንም እሽ አይላቸውም። እሽ ማለት ከ32 ሰከንዱ ላይ ይቀንሳላ!

የምለው ይህን ነው። በደንብ በተሠራ ፊልም ውስጥ ስፌቱ አይታይም፤ ጨርቁን ብቻ ነው የምናየው። በእነዚህ ፊልሞች ግን መርፌውም ክሩም የሰፊው ጣትም ይታያል። አንድ ሰው አቅሙ የማይፈቅድለትን ነገር ከልቡ ሲሞክር ማየት ለእኔ ከጭራቁ በላይ ልብ ይነካል። ከጭራቁ በላይም ያስፈራል። እናንተስ?

ባለ ማይክራፎኑ

ወንድሜ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም፤ አለመስማማቴንም በግልጽ ልንገርህ።

በድምፅ ሥራ ላይ አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። በዚህ ሙያ መጀመሪያ የምንማረው፣ ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የተበላሸ ድምፅ ግን አይታገሥም የሚለውን ነው። አንተ የምትወደው ፊልም ድምፁን በኋላ በስቱዲዮ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሞሉት ነው፤ ተዋናዩ ሌላ፣ ተናጋሪው ሌላ። ይህን «ልብ ይነካል» ብለን ካሞገስነው ነገ አንድ ወጣት መጥቶ «የእኔም ልብ ይነካል» ሊለኝ ነው። ይህ የማስበው ነገር ሳይሆን የገጠመኝ ነው። የውኃ ጠብታ ድምፅ ለመቅዳት ሦስት ሌሊት የማያንቀላፉ ልጆች ባሉበት አገር፣ ስንፍናን እንደ ቅንነት መቁጠር ያሳስበኛል።

ድህነትም ምክንያት አይሆንም። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 የወጣውን «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን በፒትስበርግ አካባቢ ሲሠራ የነበረው ገንዘብ 114,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለፊልም ይህ በዚያ ዘመንም ትንሽ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ለደም የተጠቀሙት የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ሥጋው ከሥጋ ቤት የመጣ ነው። ሬሳ ሆነው የሚንከራተቱት ብዙዎቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ያ ፊልም ግን መጥፎ አይደለም፤ ከበሩ ውጭ ያለው የእግር ኮቴ ዛሬም ያስበረግጋል። በትንሽ ገንዘብ መሥራትና በመጥፎ ሁኔታ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጆቻችን የመጀመሪያውን እንዲማሩ እፈልጋለሁ።

ሰላም ከቨርጂኒያ

ሁለታችሁንም አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት ጓደኛዬ እኩለ ሌሊት ላይ አሮጌ ፊልም ወደሚያሳይ ሲኒማ ቤት ወሰደችኝ። የሚታየው የኤድ ዉድ «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» ነበር። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ሰዉ የፊልሙን ንግግር በቃሉ ይዞታል፤ የመቃብሩ ድንጋይ ሲወዛወዝ ሁሉም ያጨበጭባል። እኔም ስቄያለሁ፤ ደስ የሚል ሌሊት ነበር።

ከዚያ ካባ የለበሰው ሽማግሌ መጣ። ታሪኩን ጓደኛዬ በጆሮዬ ነገረችኝ። ቤላ ሉጎሲ በድራኩላነቱ ዓለም ያወቀው ተዋናይ ነበር፤ በስተእርጅናው ግን ሥራ የሚሰጠው እምብዛም አልነበረም፤ ኤድ ዉድ ግን ይፈልገው ነበር። በነሐሴ 1956 ሲሞት ዉድ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚሆን፣ ለሌላ ሐሳብ የቀረጸው ድምፅ አልባ ምስል ነበረው። በዚያች ጥቂት ምስል ዙሪያ አንድ ሙሉ ፊልም ገነባ። የጎደለውን እንዲሞላለት የሚስቱን የጀርባ ሐኪም አመጣ። ሰውየው በቁመት ይበልጣል፤ በመልክም አይመስልም። ስለዚህ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ካባውን እስከ ዓይኑ ድረስ ሸፍኖ ይሄዳል።

አዳራሹ እዚህ ጋ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ተሰነቀረብኝ። ልጅ ሆኜ ደሴ አጎቴ ሲሞት የሆነውን አስታወስኩ። አክስቴ ኮቱን ይዛ፣ እያነሳች እየጣለች፣ ሙሾ ስታወርድ ነበር። ኮቱ አጎቴ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። እጅጌው ባዶ ነው፤ ትከሻው ላይ ሰው የለም። ለቀስተኛው ሁሉ ግን ያንን ኮት እያየ ያለቅስ ነበር፤ እኔም ኮቱ ሲንቀሳቀስ ፈራሁ። ዉድም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የሚወደውን ሰው ካባ ለሌላ ሰው አልብሶ በመቃብር ቦታ አዞረው።

ዉድ በታኅሣሥ 1978 በድህነት ሞተ። ፊልሙ «የዘመናት ሁሉ መጥፎ ፊልም» ተብሎ የተሰየመው በ1980 ነው። ያ ሁሉ እኩለ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ ከሞተ በኋላ መጣ። ስለዚህ ለባለ ማይክራፎኑ፦ ወንድሜ፣ ስለ ሙያ የምትለው ልክ ነው፤ ነገር ግን ያ ሌሊት ያሳየኝ ነገር በሙያ ሚዛን የሚለካ አልመሰለኝም።

የድሮው ካሴት

ልጆቼ፣ እኔ የፊልም ዕውቀት የለኝም፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ካሴት የማጫውተው እኔ ነበርኩ። የማውቀውን ልጨምር።

ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ እንሸፍነዋለን። አግዳሚ ወንበሮች ስድስት፣ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን አንድ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ካሴቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከስንተኛ ግልባጭ የተገለበጠ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ ሰማዩ አረንጓዴ ነው፣ የሰው ፊት እንደ ሊጥ ነው። የማጫወቻውን ራስ በጥጥና በአልኮል አጸዳለሁ፤ ካሴቱ ሲጨማደድ በእርሳስ እያዞርኩ አቃናዋለሁ፤ የተበጠሰውን በጥፍር ቀለም አጣብቄ እመልሰዋለሁ።

አንድ የሕንድ አስፈሪ ፊልም ነበረን። ጭራቁ ከጀርባው የሱሪ ዚፕ የሚመስል ነገር ይታይበታል። የመጣው ሁሉ ዚፑን አይቶታል፤ ልጆቹ በጣታቸው ሳይቀር ያሳዩኝ ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ከፊት አግዳሚ የሚቀመጥ አንድ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበር፤ እሱ ነው እየተነሣ «አሁን ልጅቱን እናቷ ረግማታለች፣ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀበረው ወንድሟ ነው» እያለ የሚተርክልን። ታሪኩን ከራሱ እንደሚያወጣው እናውቃለን፤ በሳምንቱ ሌላ ታሪክ ይነግረናልና። ግን ፊልሙ ከሚያስፈራው ይልቅ የዚያ ልጅ ድምፅ ያስፈራ ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ (ይጠፋል፣ በየቀኑ) እሱ በጨለማው ውስጥ ትረካውን ይቀጥላል፤ ሰዉም ብሩን መልስ ሳይል ተቀምጦ ያዳምጣል።

በኋላ ዘመን ፊልም በአንድ ሰው ድምፅ በአማርኛ ተተርጉሞ ሲቀርብ ሳይ ያን ልጅ አስታወሰኝ። ካሴቱ ደህና ቢሆን፣ ቋንቋው ቢገባን፣ ዚፑ ባይታይ ለእሱ የሚቀርለት ቦታ አልነበረም። የጎደለው ነገር ነው ለእኛ መግቢያ በር የሆነን።

ሰላም ከቨርጂኒያ

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። «የጎደለው ነገር መግቢያ በር ሆነን» ያሉትን ለልጄ አነበብኩላት።

ቀለም ወዳዷ

የጋሼን ጽሑፍ ሳነብ ትዝ ያለኝን ልጻፍ። በምኖርበት የጀርመን ከተማ ከጋና የመጡ የፊልም ማስታወቂያ ሥዕሎች ኤግዚቢሽን ነበር። በ1980ዎቹ ጋና ውስጥ ጄኔሬተር፣ ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ማጫወቻ በመኪና ጭነው ከመንደር ወደ መንደር የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። የታተመ ማስታወቂያ ስለሌላቸው ሠዓሊ ቀጥረው በዱቄት ጆንያ ላይ ያሠሩ ነበር። ሁለት ጆንያ ተተርትሮ ተሰፍቶ አንድ ሸራ ይሆናል። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ፊልሙን አላየውም። ስለዚህ ጭራቁን ከራሱ ፍርሃት ይስለዋል፤ ፊልሙ ውስጥ የሌለ እባብ፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለ የተቆረጠ ጭንቅላት ይጨምርበታል።

አንዱን በቅርብ ቆሜ አየሁት። ከቀዩ ቀለም ሥር የዱቄቱ ፋብሪካ ጽሑፍ ደብዝዞ ይነበባል፤ ስፌቱ በሴትዮዋ ግንባር መሀል ያልፋል። በዝናብ ተመትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ተዘርግቶ ቀለሙ በእጥፋቱ መስመር ተልጧል። ፊልሙ ምን እንደነበረ አላስታውስም። ያ ሥዕል ግን እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ማስታወቂያውን አይቶ ሃያ ደቂቃ በእግሩ የመጣ ሰው፣ በዚያች ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ያ እባብ ሳይመጣ ሲቀር ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ ብሆን ከመጋረጃው ኋላ ተደብቆ እስኪወጣ እጠብቀው ነበር።

አንድ ተመልካች

ሆን ተብለው መጥፎ ሆነው ስለሚሠሩትስ? በ2013 «ሻርክኔዶ» ሲወጣ፣ አውሎ ነፋስ ያነሳቸው ሻርኮች ሎስ አንጀለስ ላይ ሲዘንቡ፣ ሰው ሁሉ ሲያወራለት አይቼ ነበር። አሥር ደቂቃ አይቼ ተውኩት። ሠሪዎቹ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል፤ ገና ሳልስቅ ሳቄን ይጠብቃሉ። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

የጉለሌ ልጅ

አንድ ተመልካች፣ ባጭሩ ብዙ ተናገርክ። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። «ትሮል ቱ»ን ብትወስድ፣ በዩታ ግዛት የተቀረጸ፣ በ1990 የወጣ፣ አዘጋጁ ጣሊያናዊ የሆነ ፊልም ነው። ስሙ ትሮል (በአውሮፓ ተረት ያለ ጭራቅ) ይላል፤ ፊልሙ ውስጥ ግን አንድም ትሮል የለም፤ ያሉት ጎብሊን የሚባሉ ፍጡራን ናቸው። የእንግሊዝኛው ንግግር ጤናማ ስላልነበረ አሜሪካውያኑ ተዋንያን እናስተካክለው ቢሉ እንደተጻፈው በሉ ተባሉ። የአባትየው ሚና የተሰጠው ለአንድ የጥርስ ሐኪም ነበር። አዘጋጁ ስለ ቤተሰብ ቁም ነገር ያለው ፊልም እየሠራ እንደሆነ ያምን ነበር፤ ከዓመታትም በኋላ ያምናል። በዚያ እምነት ነው ሥራው የሚቆመው። ፊልሙ ላይ ሕፃን ሆኖ የተጫወተው ልጅ አድጎ በ2009 ስለ እነዚያ ሰዎች ዘጋቢ ፊልም ሠራ፤ በፍቅር የተሠራ ነው፤ ፈልጋችሁ እዩት።

አሁን ለባለ ማይክራፎኑ ልመልስ። ስንፍናን አላሞገስኩም። ዋረን ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ አያልቅም ነበር። አንዷ ተዋናይት ገና ከጅምሩ እግሯ ተሰበረ። አላሰናበታትም፤ መንገድ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ከፍቅረኛዋ ጋር የምትታይበት ሚና ጻፈላት። ከታሪኩ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ተቺዎች ሁሉ ይህን ያነሳሉ። እኔ ግን ያን መኪና ባየሁ ቁጥር የማስበው ካሜራው ከማይደርስበት በታች ያለውን፣ የተጠገነውን እግር ነው። የጌታውን ካባ፣ እነዚያን ረጃጅም ቀይ ጣቶች ያሉበትን ጥቁር ካባ፣ ቅርጻ ቅርጾቹንም ያዘጋጀው ራሱ ጌታውን ሆኖ የተጫወተው ቶም ኔይማን ነው። የጌታው ውሻም የኔይማን የቤት ውሻ ነው። ትንሿ ልጅ የኔይማን ልጅ ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው ክፍያ አገኙ የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ልጅቱ ብስክሌት፣ ውሻው ምግብ።

ምረቃው ኅዳር 15 ቀን 1966 በኤል ፓሶ በካፕሪ ቲያትር ነበር። ዋረን የተከራየው ሊሞዚን አንድ ነው። ተዋንያኑን በየተራ ያመጣቸው ነበር፤ አንዱን ቡድን በር ላይ አውርዶ፣ ሕንፃውን ዞሮ፣ የሚቀጥለውን ይጭናል። በሱፍ ልብስና በደህና ቀሚስ ገቡ። ከዚያ መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ጀመረ፤ አዳራሹም መሳቅ ጀመረ። ልጅቱ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። በስክሪኑ ላይ አፏ ሲከፈት የወጣው የሌላ ሴት ድምፅ ነበር። ከልጅቱ ማንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ እዚያው አለቀሰች።

ከሁሉ የሚከብደኝን መጨረሻ ላይ አቆየሁት። የቤቱ ጠባቂ ቶርጎ፣ ያ ጉልበቱ ያበጠው፣ ሲራመድ የሚንገዳገደው፣ ዛሬ ሰዎች ልብሱን እየለበሱ የሚስቁበት፤ እሱን ሆኖ የተጫወተው ጆን ሬይኖልድስ ምረቃው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ሞተ። እግሩን ሲጎትት፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ የምታዩት ሁሉ ከዚያ በፊት የተቀረጸ ነው። ሌላው ተዋናይ ሁሉ ግራ ገብቶት ሲቆም እሱ ብቻ በሙሉ ሰውነቱ ይጫወታል። የሳቁም የጭብጨባውም ጩኸት ለእሱ አልደረሰም።

የመጀመሪያ ፊልሜ

ባለ ማይክራፎኑ «ገጠመኝ» ያልከው ወጣት እኔ አይደለሁም፤ ብሆንም አልቀየምም። አምና ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የአሥራ አንድ ደቂቃ አስፈሪ ፊልም ሠርተን ነበር፤ በስልክ ካሜራ፣ በአክስቴ ግቢ ውስጥ። ለደም የተጠቀምነው የቲማቲም ድልህ በስኳርና በቀይ የምግብ ቀለም ነው። በቀን ስንሞክረው በጣም ያምራል። ማታ ግን አምፖሉን አቅርበን ስናበራው ሙቀቱ አደረቀው፤ በሁለተኛው ቀረጻ ቡናማ ሆነ፣ በአራተኛው ተሰነጣጠቀ። ተዋናዩ ጓደኛችን አንገቱ ላይ ዝንብ ሲያርፍበት ሞቶ የተኛ ስለሆነ መንቀሳቀስ አልቻለም። ዓይኑን ጨፍኖ ቻለው። ያ ዝንብ አንገቱ ላይ ሲሄድ በፊልሙ ውስጥ ይታያል፤ እንዲቆረጥ አልፈቀድኩም።

የታየው ለሃያ ሰዎች ያህል ነው። ያ ዝንብ ሲመጣ የአክስቴ ልጅ ጮኸች። በጻፍነው ታሪክ ማንም አልጮኸም።

ድምፁ መጥፎ ነው። ከጎረቤት ቴሌቪዥን ዜና ሲነበብ ይሰማል። ያን እንዴት ማስወገድ እንደነበረብን ብታስተምረኝ ደስ ይለኛል፤ የምሬን ነው።

ባለ ማይክራፎኑ

የመጀመሪያ ፊልሜ፣ ወንድሜ፣ ስለ ዝንቡ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ለጥያቄህ፦ ከመቅረጽህ በፊት ሁሉንም ዝም አሰኝተህ ግቢው ውስጥ አምስት ደቂቃ ዓይንህን ጨፍነህ ቁም። የምትሰማውን ሁሉ ጻፍ። ማቀዝቀዣ ካለ ከግድግዳው ንቀል። ጎረቤትን ሄደህ በትሕትና ለምን፤ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ስልኩን ለምስል ተወውና ሁለተኛ ስልክ ተዋናዩ ኪስ ውስጥ አድርገህ በጆሮ ማዳመጫው ማይክራፎን ቅዳ፤ ገመዱን በሸሚዙ ውስጥ አሳልፈህ ደረቱ ላይ በፕላስተር ለጥፈው፣ ጨርቅ እንዳይታከከው። ከእያንዳንዱ ቦታ ማንም ሳይናገር የአንድ ደቂቃ ባዶ ድምፅ ውሰድ፤ በቅንብር ጊዜ ቀዳዳውን የምትደፍነው በእሱ ነው። ጩኸትን በክፍት ግቢ አትቅዳ፤ ብርድ ልብስና ልብስ የተንጠለጠለበት ቁም ሣጥን ፊት ለፊት አስጩኻቸው። የቀረውን በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ፣ እመልስልሃለሁ።

የጉለሌ ልጅ፣ ፊልሙን የት ላገኘው እችላለሁ?

የጉለሌ ልጅ

በቀላሉ ታገኘዋለህ። ሲወጣ የባለቤትነት መብት ማስታወሻ ስላልተጻፈበት የሕዝብ ንብረት ሆኗል፤ በኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆይቶ በጥር 1993 በአሜሪካ ቴሌቪዥን፣ በፊልሞች ላይ እየቀለዱ በሚያሳዩት «ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000» ላይ ቀረበና ታወቀ። ሰው ያየው የደበዘዘና የተጫጫረ ግልባጭ ነበር። በ2011 ግን ቤን ሶሎቬይ የተባለ የካሜራ ባለሙያ ዋናውን የሥራ ቅጂ አገኘ፤ እንዲታደስ ከሕዝብ ገንዘብ ሲጠይቅ 48,000 ዶላር ገደማ ተዋጣለት። ፊልሙ ከተሠራበት ገንዘብ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የታደሰውን ፈልገህ እይ። የካባው ቀይ ሙሉ ቀይ ነው፤ የእሳት እራቶቹ ክንፍ ሳይቀር ይታያል።

የድሮው ካሴት

ያን የሚያህል ገንዘብ ለዚያ ፊልም ያዋጡ ሰዎችን እግዜር ይባርካቸው። እኔ ያን የሕንድ ካሴት ቤቱ ሲዘጋ ከሌላው ጋር ሸጥኩት። አሁን ማንም ቢያመጣልኝ ደስታዬ ነበር፤ አረንጓዴ ሰማዩንም ጭምር።

ባለ ማይክራፎኑ

ትናንት ማታ አየሁት። አሁንም ፊልሙ ጥሩ ነው አልልም፤ ተማሪ ቢያመጣልኝ እመልሰዋለሁ።

ልጅቱ የምትናገርበት ቦታ ላይ ግን አቆምኩት። የጉለሌ ልጅ የጻፍከው ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር። ድምፁ በግልጽ የትልቅ ሰው ነው፤ ትንሽ ልጅ ለመምሰል ጉሮሮውን ያጠበበ። ጆሮዬ ላይ ያለውን ማዳመጫ አወለቅኩና ድምፁን ጨርሼ አጠፋሁት። ከዚያ ያን ቦታ ደጋግሜ አየሁት፤ ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ ይሆናል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ለአባቷ፣ ቀጥሎ ለእናቷ የሆነ ነገር ትላለች፤ ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋ ከፍ ይላል። ካሜራው ድምፅ የማይቀዳ ስለሆነ ያኔ ያለችው ነገር የትም የለም። አሥራ አራት ዓመት የሰው ድምፅ ስቀዳ ኖሬ፣ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ከንፈሯን እያየሁ ቁጭ አልኩ።